ከከፈዩ በስተጀርባ የነበረችው መበለት

ታላቁ ጦርነት በእርቅ በተዘጋ በሰባተኛው ዓመት፣ በበጋው መግቢያ፣ በአንድ ማክሰኞ ጧት፣ በእንፋሎት የምትሄድ መርከብ አሥራ አራት መልእክተኞችን በባዕድ ወደብ አወረደች፤ አሥራ ሁለቱ ወንዶች ነበሩ፤ ሁለቱ ደግሞ እህትማማቾች። ወንዶቹ ማኅተም፣ ደብዳቤና የማዕረግ ካባ ይዘው ወረዱ፤ ሴቶቹ የያዙት ስድስት ክንድ ጥቁር ቀይ ከፈይ፣ አንድ ሳጥን የወርቅ ክርና መርፌ ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን ነገሥታት እርቃቸውን የሚያጸኑት በፊርማ ብቻ አልነበረም፤ የሁለቱን መንግሥታት አርማ ያጣመረ ታላቅ መጋረጃ በአስተናጋጁ ከተማ፣ በአስተናጋጁ ዓይን ፊት፣ በእንግዳው እጅ በጥልፍ እንዲሠራ ተስማምተው ነበር። ተሠርቶ ቢመጣ ማን እንደሠራው ማን ያውቃል? ሰው ያየውን ነው የሚያምነው።

ሁለቱ እህትማማቾች ጥልፍ ቤቱን የወረሱት ከእናታቸው ነው። ታላቂቱ አርባ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ባሏ በጦርነቱ የቀረ መበለት ናት። ታናሺቱ ሃያ ስድስት፤ የአንድ ኮርቻ ሠሪ ሚስት። ታናሺቱ ቆንጆ ነበረች፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ታላቂቱን ግን ሰው ሁሉ «ደህና ሴት ናት» ይላት ነበር፤ አንዲት ሴት «ደህና ናት» ስትባል ምን እንዳልተባለላት ሴት ሁሉ ታውቀዋለች።

የቤቱ አሠራር እንዲህ ነው። ከፈዩ በትልቅ የእንጨት ውጥር ላይ እንደ በር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከጀርባ ትቀመጣለች። የፊተኛዋ መርፌውን ታስገባለች፤ የኋለኛዋ ተቀብላ፣ ክሩን ልክ አድርጋ ስባ፣ ትመልስላታለች። አይተያዩም፤ የሚነጋገሩት በክሩ ነው። የፊተኛዋ ወንበር ሥዕሉን የምትመራዋ ወንበር ናት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የታላቂቱ ነበረች። ዓይኗ ሲደክም ግን ለታናሺቱ ለቀቀችላት፤ ጥልፉን ያስተማረቻት ራሷ ነበረችና ማንም ሳይነግራት በራሷ ፈቃድ ተነሥታ ወደ ጀርባ ሄደች። ሰው በፈቃዱ የሰጠው ነገር አያንገበግብም ያለ ማን ነው?

አሁን ደግሞ ስለ ወረቀቱ ልናገር፤ ጉዳዩ ሁሉ በእሱ ነውና። በዘመኑ ሕግ ባለትዳር ሴት ባሕር የምትሻገረው ባሏ ሲፈርምላት ነበር። ኮርቻ ሠሪው ፈረመ፤ ከፊርማው በላይ ግን እንዲህ አስጻፈ፦ «ስሟ ከባዕድ ወንድ ስም ጋር ቢነሣ፣ በምክንያትም ይሁን ያለ ምክንያት፣ በመጀመሪያው መርከብ ትመለስ፤ ከጥልፍ ቤቱም እጇን ታንሣ።» ጸሐፊው «ያለ ምክንያት» የምትለዋን ይሰርዛት እንደሆነ ቢጠይቀው፣ «እሷንማ አትንካብኝ!» አለ። ቀናተኛ ነበራ! መርከብ ላይ እስክትወጣ ድረስም ከሻንጣ ተሸካሚው ጋር ሳይቀር ተገላምጧል።

እንግዲህ ሥራው የሚሠራበት ክፍል ከግምጃ ቤቱ ጎን ያለ ረጅም አዳራሽ ነበር፤ አራት ረጃጅም መስኮት፣ የድንጋይ ወለል፣ ከፊት የብረት መወርወሪያ ያለው ትልቅ በር፣ ከጀርባ ወደ ግቢው የምታወጣ ትንሽ በር። የግምጃ ቤቱ ሹም በመጀመሪያው ቀን የመጣው የወርቁን ክር ለመመርመር ነው፤ ሥራው ነው፤ ማንም አይከለክለውም። በሁለተኛው ቀን የመጣው ምን ያህል እንደተሠራ ለማየት ነው። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ግን ምክንያትም አልፈለገ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ጢሙን በቅባት የሚያበጥር፣ በግራ እጁ ሦስት ቀለበት የደረደረ ሰው ነበር፤ እህትማማቾቹ «ባለ ሦስቱ» አሉት። ከታናሺቱ ወንበር ጀርባ ይቆምና ትንፋሹ አንገቷ ላይ እስኪያርፍ ያጎነብሳል፤ ባለ ቀለበት እጁን ውጥሩ ላይ፣ ከእጇ አጠገብ ያኖራል።

ታናሺቱ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። መጀመሪያ አስተርጓሚውን ጠራች፤ ጥቁር ካፖርት የማይለየው፣ ሰው ማስቀየም የሚፈራ ቀጭን ሰው ነበር።

«ዞር በልልኝ ትላለች በልልኝ» አለችው።

አስተርጓሚው ረዘም ያለ ነገር ተናገረ፤ ባለ ሦስቱ ፈገግ ብሎ እጅ ነሣ።

«ምን አልከው?»

«ጥላዎ ብርሃኔን ጋረደብኝ ትላለች አልኩት፤ ትንሽ ክብርም ጨመርኩለት።»

«ክብሩን ለራስህ አትይዘውም ነበር?»

«እመቤቴ፣ የሰው አገር ነው፤ ትንሽ ይታገሡ እንጂ! ሰውየው ትልቅ ሹም ነው።»

ከአስተርጓሚ ተስፋ ስትቆርጥ የራሷን ዘዴ አበጀች። መርፌ የተሰካበትን ትራስ ሰውየው በሚቆምበት በኩል አደረገችው። ወደ ሥራ በምትሄድበት መንገድ ዳር ከተቀመጠች አንዲት አሮጊት አዝራር ሻጭ በአገሩ ቋንቋ «አባቴ» የሚለውን ቃል ተማረችና፣ ጧት ሲገባ ግምጃ ቤቱ እስኪሰማ ድረስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አባቴ፣ እንደምን አደሩ!» ትለው ጀመር። የሹሙ አጃቢዎች ከሳቅ ጋር ታገሉ። ከዚያም በአስተርጓሚው በኩል ታስከትላለች፦ «ባለቤትዎ እንዴት አደሩ? ልጆችዎስ ደህና ናቸው?» ይህን አንድ ቀን ሳታጓድል ትጠይቀው ነበር፤ ሰው ሚስቱን ሲያስታውሱት ይቀዘቅዛል ብላ ነው። በመንገድም እያፏጩ የሚከተሉ ጎረምሶች ስለነበሩ፣ ቅርጫት ተሸክመው ወደ ወንዝ ከሚወርዱ ልብስ አጣቢዎች መካከል እየገባች፣ እንደ እነሱ እየተራመደች ታልፍ ነበር። አቤት የምትችለው! አንድ ሥራ ልትሠራ ሄዳ ሁለት ሥራ ትሠራ ነበር፤ ሁለተኛውን ማንም ሥራ ብሎ አልቆጠረላትም።

ታላቂቱ ከከፈዩ ጀርባ ሆና ሁሉን ትሰማለች። በመጀመሪያው ሳምንት አዘነችላት። በሁለተኛው ሰለቻት። በሦስተኛው ሳምንት ቀናች፤ እኔ ሌላ ስም አልሰጠውም። ሰውየውን ወዳው አይደለም፤ ጢሙ ራሱ ይቀፋት ነበር። ግን መርፌውን እየተቀበለች፣ እየሳበች፣ እየመለሰች በልቧ ትል ነበር፦ እኔስ? እኔ «ዞር በልልኝ» የምለው ሰው እንኳ አጣሁ ማለት ነው? አሥራ ሁለት መልእክተኛ፣ አንድ ግምጃ ቤት ሙሉ አጃቢ፣ ያን ሁሉ መንገድ አቋርጬ አንድ ሰው እንኳ ዘወር ብሎ አላየኝም! እንዲህ እያለች ስትስብ ክሩ ይጠብቅባታል።

«እትዬ፣ ክሩን አላላው» ትላታለች ታናሺቱ ከወዲያ ማዶ፤ «ከፈዩ እየተሸበሸበ ነው።»

«እጄ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግኩ?»

«እጅሽን ማን አስቆጣው?»

«አንቺ ፊትሽን ጠብቂ፤ የኔን ለኔ ተይልኝ።»

አንድ ቀን ወደ ማደሪያቸው ሲመለሱ ታናሺቱ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ መጣ። «ደከመኝ እትዬ። ጧት ስነሣ ሥራው አይደለም ትዝ የሚለኝ፤ የሰውየው ጫማ ድምፅ ነው። ለአለቃችን ብነግር ስሜ ተነሣ ማለት ነው፤ ወረቀቱን ታውቂዋለሽ።»

ታላቂቱ መሀረቧን አውጥታ ሰጠቻት፤ እየሰጠቻትም እንዲህ አለቻት፦ «መታየትም ያደክማል እንዴ? እኔን የሚያደክመኝማ ሌላ ነው።» ታናሺቱ ቀና ብላ አየቻት።

በሰባተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ባለ ሦስቱ ከአስተርጓሚው ጋር ሲገባ ወደ ፊት አልሄደም፤ ዞሮ ወደ ከፈዩ ጀርባ መጣ። ታላቂቱ የእግሩን ድምፅ ስትሰማ መቀነቷን አስተካከለች፤ ሻሿንም ነካ አደረገች። ሰውየው ፊቷን ሳያይ ኮቱን አወለቀና ክንዷ ላይ አኖረው፤ ልክ ግድግዳ ላይ እንደተመታ ሚስማር፤ ከዚያም ወደ ፊት ዞሮ ሄደ። ያን ኮት አንድ ሰዓት ሙሉ በክንዷ ይዛ፣ በሌላ እጇ መርፌ እየተቀበለች ዋለች። ሲወጣም ኮቱን ወስዶ አመሰግናለሁ እንኳ አላለም።

በማግስቱ፣ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ሰውየው ያለ አስተርጓሚ፣ ያለ አጃቢ፣ ብቻውን መጣ። ታላቂቱ የጫማውን ድምፅ ለየችው። ተነሣች፤ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በእግር ጣቷ እየረገጠች፣ በትንሿ በር ወደ ግቢው ወጣች። አንድ ቀን ብቻዋን ትቅመሰው፤ እኔን ከለላ አድርጋ ነው የምትኮራው፤ ብላ ነው የወጣች። ይህን የማስተባብልላት አይምሰላችሁ፤ እያወቀች ነው የወጣች።

ታናሺቱ መርፌውን አስገባች። የሚቀበላት አልነበረም። ትንሽ ገፋችው፤ መርፌው ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ሆኖ ቆመ።

«እትዬ?»

መርፌውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

«እትዬ፣ አለሽ?»

የመለሰላት የበሩ መወርወሪያ ነው፤ ቀጭ አለ። ከዚያ አንድ እጅ ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ ሌላው፣ ባለ ቀለበቱ፣ ውጥሩ ላይ። ታናሺቱ አልጮኸችም። የከፈይ መርፌ እንደ ሌባ ጣት የረዘመ ነው፤ ወደ ራሷ መዘዘችውና ባለ ቀለበቱን እጅ ከእንጨቱ ጋር አጣበቀችው። የጮኸው እሱ ነው። ታላቂቱ በዕድሜዋ ወንድ እንዲህ ሲጮኽ ሰምታ አታውቅም፤ ከግቢው ሮጣ በትንሿ በር ስትገባ፣ እህቷ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ፣ መቀስ ይዛ ቆማ ነበር።

«የት ነበርሽ?» አለቻት ታናሺቱ።

ወዲያው ዘበኞቹ የተወረወረውን በር ገንጥለው ገቡ።

ከሰዓት በኋላ በእንግዶች ማረፊያ አዳራሽ ሸንጎ ተቀመጠ። የመልእክተኞቹ አለቃ፣ ስድስት ነገሥታት ያገለገሉ ሽማግሌ፣ በመካከል ተቀመጡ፤ ጸሐፊው በቀኛቸው፤ የአገሩ ዳኛ በግራቸው፤ ባለ ሦስቱ እጁን በነጭ ጨርቅ ጠምጥሞ ፊት ለፊት። የአገሩ ሕግ ግልጽ ነበር፤ ዳኛው በአስተርጓሚው በኩል አስረዱ፦ ባለትዳር ሴት ላይ እጁን ያነሣ ሹም ከሹመቱ ይሻራል፤ ሴቲቱ ጠርታው ከሆነ ግን ጥፋቱ የእሷ ነው፤ ነገሩ የመበለት እንደሆነ ደግሞ በይቅርታና በእጅ መንሻ ያልቃል።

«ጠርታኛለች» አለ ባለ ሦስቱ ሳያፍር። «ጧት ጧት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሰላም ትለኛለች። ስለ ቤቴ ትጠይቀኛለች፤ ስለ ሚስቴ ትጠይቀኛለች። ምን ሴት ናት የማታውቀውን ወንድ ስለ ሚስቱ የምትጠይቀው?»

አለቃው ወደ ታናሺቱ ዞሩ። «ልጄ፣ እንዲህ ብለሽዋል?»

«ብዬዋለሁ ጌታዬ። ግን ያልኩት…»

«ብለሽዋል።» ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የኮርቻ ሠሪውን ወረቀት ያስታውሱ ነበር፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ የምትነሣ መርከብም ነበረች። ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ። ሰውየውን ለማራቅ የሠራችው ዘዴ ሁሉ ምስክር ሆኖ መጣባት፤ ሰባት ሳምንት የለፋችበት አርማ፣ የእናቷ ቤት፣ ስሟ፣ ሁሉም በዚያች ብዕር ጫፍ ላይ ነበር።

በዚያች ደቂቃ ታላቂቱ ከግድግዳው ተላቃ ወደ መካከል ወጣች።

«ጌታዬ፣ ይህ ሰው ሲመላለስ የነበረው ለእኔ ነው።»

ከዘበኞቹ አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው በሳል አስመሰለው።

«ለአንቺ?» አሉ ሽማግሌው።

«ለእኔ። ከከፈዩ ጀርባ ማን እንደሚቀመጥ ከእናንተ መካከል አይቶ የሚያውቅ አለ? ትናንት ኮቱን አውልቆ የሰጠው ለማን ነው? ይኸው አስተርጓሚው ቆሞ ነበር፤ ይጠየቅ! እኔ መበለት ነኝ፤ የማንንም ፊርማ አልጥስም። እህቴ ስለ ሚስቱ የምትጠይቀው ለእኔ ተቆርቁራ ነው። የወጋሁትም እኔ ነኝ።»

አስተርጓሚው አንዴ ወደ ሹሙ፣ አንዴ ወደ አለቃው እያየ፣ «እውነት ነው፣ ኮቱንስ ሰጥቷታል» አለ። ባለ ሦስቱ ሞኝ አልነበረም፤ የተከፈተለትን በር ወዲያው አየው። ባለትዳሯን ይዞ ከመከራከር ይልቅ ከመበለቲቱ ጋር መታረቅ ሹመቱን ያተርፍለታል። ብድግ ብሎ ለታላቂቱ እጅ ነሣ።

«እውነቷን ነው። አእምሮዬን ያሳተኝ የዚህች እመቤት ውበት ነው፤ ከእህትዋ ጀርባ ልደበቅ መሞከሬ አሳፋሪ ነው።»

ይህን ሲል አያት። በሰባት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አያት፤ እሱ ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌው አዩዋት፣ ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ አያት፣ ያ የሳቀው ዘበኛም አያት። ታላቂቱም ደስ አላት። እህቷን ልታድን ነው የወጣች ብትሉኝ እውነት ነው፤ ለዚያ እይታ ነው የወጣች ብትሉኝም እውነት ነው፤ የትኛው እንደሚበልጥ ራሷም አልመዘነችውም።

ነገሩ በይቅርታና በእጅ መንሻ ተዘጋ። ሲወጡ ደረጃው ላይ ታናሺቱ እጇን ያዘቻት። «እትዬ፣ አዳንሽኝ።»

«አድኜሻለሁ።»

«ግን የወጋሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እሱን ለምን ወሰድሽብኝ?»

«ያን ካልወሰድኩ ሌላውን አያምኑኝም ነበራ!» አለች ታላቂቱ፤ ቀሚሷን እያስተካከለች ቀድማ ወረደች። የት እንደነበረች ግን ያን ጊዜም ከዚያም በኋላ አልተናገረችም፤ ታናሺቱም ዳግመኛ አልጠየቀቻትም።

መጋረጃው ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ሳምንት ፈጀ። ዳኛው ለታላቂቱ የሐር ካባ አስላኩላት፤ የከተማው ወይዛዝርት «የትኛዋ ናት?» እያሉ ወደ አዳራሹ ይመጡ ነበር፤ ከፈዩንም ዞረው ወደ ጀርባ ያልፋሉ። ታናሺቱ ከፊት ብቻዋን ቀረች። ያ ሁሉ ዓይን ተነሥቶላት በሰላም ሠራች፤ ይህን ነበር የፈለገችው፤ አገኘችው። ክሩም ልክ ነበር፤ የሚያጠብቅ እጅ አልነበረም።

አገራቸው ሲመለሱ ኮርቻ ሠሪው ወደብ ድረስ መጣ። ወሬው ቀድሞ ደርሶት ነበርና ሚስቱን እያቀፈ ሳቀ፦ «ይገርማል! አንቺ እያለሽ እሷን? ባዕዶች ዓይናቸው ምን ነካው? እንኳንም አንቺን ያየሽ አልነበረ!» እሷም «እንኳንም» አለችው። ቢያውቅ ወረቀቱን እንደሚያወጣ ታውቅ ነበርና ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ እሱ እስኪሞት ድረስ፣ ይህንኑ አለች።

ታላቂቱን በሁለተኛው ዓመት አንድ ባለ ማዕረግ ሰው ፈልጎ አገባት፤ ዝናዋን ሰምቶ ነው። ታሪኩን ለሠርገኛውም ለጎረቤቱም ስታወራ በየጊዜው ትንሽ ትጨምርበት ነበር፤ እየቆየ ራሷም አመነችው። አንድ ቀን በጥልፍ ቤቱ፣ ታናሺቱ በተቀመጠችበት፣ ለልጃገረዶቹ ትተርክላቸው ጀመር፦ «ትንፋሹ አንገቴ ላይ ነበር፤ እዚህ ጋ፤ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።» ታናሺቱ ጨርቋን ጥላ ወጣች። በሕይወቷ እንደዚያ ትንፋሽ የጠላችው ነገር የለም፤ ሌሊት ከእንቅልፏ እየቀሰቀሰ አንገቷን በውኃ ያሳጠባት እሷን ነው፤ ሌላ ሰው የኔ ነው ሲለው ግን አንጀቷ በቅናት አረረ። የገዛ ቁስሏን ተቀምታ ሌላዋ ስታጌጥበት እያየች መኖር ነበረባት።

የዘመኑ ዜና ጸሐፊ እንዲህ ጽፏል፦ «በዚያም ወራት ከመልእክተኞቹ ጋር የሄደች አንዲት መልከ መልካም መበለት ነበረች፤ የባዕዱ የግምጃ ቤት ሹም ውበቷን አይቶ ልቡ ጠፋ፤ እርስዋም ክብሯን በመርፌ አስጠበቀች። እኅቷም አብራት ነበረች።» ታናሺቱ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያላት ድርሻ ይቺው ናት።

ታላቂቱ በተቀበረች በአርባኛው ቀን፣ ታናሺቱ ሰባውን አልፋ፣ በጥልፍ ቤቱ ሴቶች መካከል ቆማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች፦ «የወጋሁት እኔ ነኝ።» ሴቶቹ ተያዩ። ከእነሱ አንዷ፣ ልበ ደግ ልጅ፣ ትከሻዋን ደገፍ አድርጋ፣ «እማማ፣ እሳቸውኮ ሞተዋል፤ አሁንም ይቀኑባቸዋል?» አለቻት።

«አዎ፣ እቀናባታለሁ» አለች፤ ወደ ሥራዋም ተመለሰች።

ዜና ጸሐፊው አልዋሸም፤ በሸንጎ ላይ የተነገረውን ነው የጻፈው፤ ሹሙ ሹመቱን፣ ታላቂቱ መልኳን፣ ኮርቻ ሠሪው ሳቁን፣ መንግሥታቱም እርቃቸውን ያገኙበት ታሪክ ነበርና ማንም ሊያርመው አልፈለገም። ሰባት ሳምንት ሙሉ አንዲት ሴት በሰው አገር አንገቷን ስትከላከል መኖሯ ግን ለማንም አልጠቀመም፤ ስለዚህ አልተጻፈም። ታናሺቱ በሚቀጥለው ዓመት ሞተች። ልጆቿ ያከበሯት መስሏቸው በመቃብሯ ድንጋይ ላይ ያስቀረጹት እንዲህ ይላል፦ የዚያች የመልከ መልካሟ መበለት እኅት።